ራይዘን 5 5600 ወይስ ኮር አይ5 12400? ጅማ ላይ ፒሲ ለሚያስገጥም ሰው

ፒሲ ላስገጥም ብሎ የተነሳ ሰው በጀቱ መካከለኛ ከሆነ ዞሮ ዞሮ ሁለት ፕሮሰሰር ጋ ነው የሚደርሰው፣ የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 እና የኢንቴሉ ኮር አይ5 12400። ጅማ ላይ ደግሞ ጥያቄው ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎሜትር ገደማ ተጭኖ መጥቶ አልሰራም ካለ መልሶ መላክ አለ፣ መጠበቅ አለ፣ በስልክ መጨቃጨቅ አለ። ስለዚህ «የቱ ይፈጥናል» ብቻ ሳይሆን «የቱ እዚህ ሆኜ ጣጣ አያመጣብኝም» የሚለውንም አብረን ነው የምናየው።

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድምለት። በፍጥነት ሁለቱ ይሄን ያህል አይራራቁም። ልዩነቱን የሚያመጡት ከቁጥሩ ኋላ የምትመጣው ፊደል፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) እና የመብራታችን ጠባይ ናቸው።

ፕሮሰሰር ግን ምንድን ነው የሚሰራው?

ፕሮሰሰር ስል ጠረጴዛ ስር ያለውን ሳጥን ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ የምትቀመጠውን፣ በየጎኗ 4 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነችውን ቺፕ ነው። ጌሙም ኤክሴሉም ብሮውዘሩም የሚፈልገው ሂሳብ በሷ በኩል ነው የሚያልፈው።

የሰርግ ድግስ የሚሰራበትን ማድቤት አስቡት። ኮር የሚባለው ወጥ ሰሪዋ ናት፣ ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ስድስት ስድስት ወጥ ሰሪ አላቸው። እያንዳንዷ አንዱ ድስት እስኪፈላ ሌላውን ታማስላለች፣ ትሬድ የሚባለው እሱ ነው፣ ካርቶኑ ላይ «6 ኮር 12 ትሬድ» ሲል ይሄንን ማለቱ ነው። ጊጋኸርዝ የእጇ ፍጥነት ነው። ካሽ ደግሞ እጇ ስር ያለው መደርደሪያ ነው፣ በርበሬው ቅቤው ኮረሪማው እዛ ካለ ዘርጋ አድርጋ ታነሳለች፣ ከሌለ ጓዳ ድረስ መሄድ አለባት፣ ጓዳው ራም ነው፣ ጓዳም ከጠፋ ገበያ መላክ ነው እሱ ደግሞ ዲስኩ ነው፣ ያኔ በቃ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል።

5600 ላይ ኤል3 የሚባለው የጋራ ካሽ 32 ሜጋባይት ነው፣ 12400 ላይ 18 ሜጋባይት። በዚህ 5600 ይበልጣል። ግን 12400 ላይ እያንዳንዱ ኮር ለብቻው የያዘው ኤል2 ካሽ 1.25 ሜጋባይት ሲሆን 5600 ላይ ግማሽ ሜጋባይት ነው፣ በዛ ላይ የ12400 ኮር በአንድ ምት የሚጨርሰው ስራ ትንሽ ይበልጣል። አንዱ በዚህ ሲያሸንፍ ሌላው በዛ እያካካሰ መጨረሻ ላይ ተቀራራቢ ቦታ ይገናኛሉ። የተወለዱበት ጊዜም አይራራቅም፣ ሁለቱም የወጡት በ2022 እ.ኤ.አ. ነው፣ 12400 ጃንዋሪ ላይ፣ 5600 ኤፕሪል ላይ።

ጊጋኸርዙ ሲታይ 5600 ይበልጣል አይደል?

ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሸወደው። 5600 ላይ 3.5 ጊጋኸርዝ ይላል፣ 12400 ላይ 2.5 ይላል፣ እና ሻጩ «ይኸው በአንድ ሙሉ ይበልጣል» ብሎ ይነግራችኋል። ያ ቁጥር ግን መነሻው ነው፣ ፋብሪካው ከዚህ አልወርድም ብሎ ቃል የገባበት ወለል ማለት ነው። ስራ ሲመጣ ሁለቱም እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይወጣሉ፣ ሁሉም ኮር አንድ ላይ ሲጠመድም 4 አካባቢ ነው የሚሰሩት። 2.5ቱን አይታችሁ እንዳትደነግጡ።

እንደውም ጊጋኸርዝ ብቻውን ምንም እንደማይነግር ማየት የሚፈልግ በ2011 የወጣውን ኮር አይ5 2400 ይይ። 3.1 ጊጋኸርዝ ነው መነሻው፣ ከ12400 ይበልጣል፣ ግን 4 ኮር 4 ትሬድ ብቻ ያለው የአስራ አንድ ዓመት ታላቅ ነው፣ አጠገቡም አይደርስም። ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ እንደዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር ነው ያላቸው፣ ሲሸጡ ደግሞ «ኮር አይ5 ነው» ተብለው ነው። ልክ ነው ኮር አይ5 ነው፣ ግን የመቼው? ከአይ5 ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ትውልዱን የሚናገረው፣ 2400 ሁለተኛ ትውልድ ነው 12400 አስራ ሁለተኛ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ኢንቴል ነው፣ ስለዚህ ይሄ ቁጥር አሁን ከበፊቱ በላይ ያስፈልጋችኋል። የኛዎቹ ሁለቱ ዊንዶውስ 11ን ያለ ችግር ይጭናሉ።

ጌም ላይ የቱ ይሻላል?

ጌም ላይ ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ምስሉን የሚሰራው ግራፊክስ ካርድ ነው። አርኤክስ 6600 ወይ አርቲኤክስ 3060 ገጥማችሁ በፉል ኤችዲ ስትጫወቱ በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መሀል የሚታየው ልዩነት ትንሽ ነው፣ አንዱ ጌም ላይ ይሄ ቀደም ይላል ሌላው ላይ ያ። ስክሪናችሁ ደግሞ ተራ የቢሮ ስክሪን ከሆነ 60 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ ነው የሚያሳያችሁ፣ ፒሲው 140 ቢያወጣ 150 ቢያወጣ ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው ያው ነው።

ፕሮሰሰር የሚሰማው መቼ ነው ካላችሁ፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ወይም ቫሎራንት ዓይነት ጌም ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ ከፍ ባለ ፍሬም ለሚጫወት፣ 144 ኸርዝና ከዛ በላይ ስክሪን ላለው ሰው ነው። እሱ እንኳን በነዚህ ሁለት መሀል ልዩነት ፈልጎ በመከራ ነው የሚያገኘው። ኳስ ጌም ለሚጫወተውማ ሁለቱም ይተርፉታል። ብር ከተረፈ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ጨምሩት፣ ወይ ራሙን አንድ 16 ጊጋ ከማድረግ ሁለት 8 8 አድርጋችሁ ግዙት፣ ሁለት ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ነው የሚቀዳው እና ጌም ላይ በደንብ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚባለውን ርካሽ ካርድ የምታስቡ ካላችሁ ያ ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይባላል፣ ቦርዱ አራተኛ ትውልዱን (ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4) ካልያዘ መስመሩ ስለሚጠብ ካርዱ ፍጥነቱን ያጣል። 5600ን ኤ520 ቦርድ ላይ ካደረጋችሁት 3 ነው የምታገኙት፣ ቢ550 ላይ 4። 12400 ላይ ርካሹ ኤች610 ቦርድ እንኳን ለካርዱ 4 ይሰጣል።

ለስራስ?

ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ክሮም ላይ ሀያ ታብ ከፍቶ ለሚውል ሰው የትኛውም ቢሆን ልዩነት የለውም። እዛ ላይ የሚያፈጥነው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዲስክ ነው።

ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ ያላችሁ የምህንድስና ተማሪዎች፣ አውቶካድ አብዛኛውን ስራውን በአንድ ኮር ነው የሚሰራው፣ በነጠላ ኮር ደግሞ 12400 ቀደም ይላል፣ የሚያስቀና ልዩነት ግን አይደለም። ሬንደር ሲሆን፣ ማለትም ንድፉ ወደ ምስል ሲቀየር፣ ሁሉም ኮር ይሰለፋል፣ እዛ ይቀራረባሉ።

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ቪዲዮ ቤት ነው። ጥር ላይ ሰርግ ሲደራረብ ካሜራው የቀረጸውን ፋይል ፕሪሚየር ላይ ከፍቶ የሚያርትዕ ሰው የሚያንገበግበው ነገር ታይምላይኑ እየተቆራረጠ አልሄድ ማለቱ ነው። 12400 ውስጥ ዩኤችዲ 730 የሚባል ትንሽ ግራፊክስ አለ፣ ጌም ላይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ግን ኩዊክ ሲንክ የሚባል ቪዲዮ ለመፍታትና ለማሸግ ብቻ የተሰራ ክፍል ይዟል። በተለይ አዳዲሶቹ ካሜራዎች የሚያወጡትን 10 ቢት 4:2:2 የሚባለውን የኤችኢቪሲ ፋይል በሃርድዌር ይፈታል፣ ከአርቲኤክስ 50ዎቹ በፊት ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች ይሄንን አይችሉም። ስለዚህ አርቲኤክስ 3060 ካርድ ያለው ሰው እንኳን 12400ው ውስጥ ባለችው በዛች ትንሽ ግራፊክስ ይጠቀማል ማለት ነው። 5600 ይሄ ጭራሽ የለውም። ቪዲዮ ኤዲተር ከሆናችሁ ከዚህ በኋላ ያለውን ክርክር ባትከታተሉም ይቻላል።

ከቁጥሩ ኋላ ያለችው ፊደልስ?

ኤፍ የሚል ፊደል ያለበት 12400፣ ማለትም 12400ኤፍ፣ ከላይ ያልኳት ትንሽ ግራፊክስ ተዘግታ የተሸጠ ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ሲወጣ የኢንቴል ዋጋ ሙሉው 192 ዶላር፣ ኤፍ ያለበት 167 ዶላር ነበር፣ ልዩነቱ ያቺ ናት። 5600 ደግሞ 199 ዶላር ነበር፣ እሱም ውስጡ ግራፊክስ የለውም። ስለዚህ 5600 እና 12400ኤፍ ያለ ግራፊክስ ካርድ ስክሪን ላይ ምንም አያሳዩም። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

እንደዚህ ሆኖ «ሞቷል» ተብሎ የሚመጣ ፒሲ ብዙ ነው። ከኋላው ስታዩት የኤችዲኤምአይ ገመዱ ላይ በኩል የዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለችው ማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ ተሰክቷል፣ ግራፊክስ ካርዱ ያለው ግን ከታች ነው፣ አግድም የተቀመጠው። ገመዱን ነቅሎ ወደታችኛው ማዞር ነው፣ ሌላ ጥገና የለውም።

ካርዱ የእውነት ቢበላሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጅማ ላይ ግራፊክስ ካርድ ተበላሽቶ ለጥገና አዲስ አበባ ከተላከ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ሙሉው 12400 ያለው ሰው ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ጌሙ ቢቀርበትም ስራውን ይቀጥላል፣ አሳይመንቱን ያስረክባል፣ ፊልሙን ያያል። 5600 ወይም 12400ኤፍ ያለው ፒሲውን በጨርቅ ሸፍኖ ይጠብቃል። እኔ ለዛች ትንሽ ጭማሪ ብር ሙሉውን ግዙ የምለው ለዚህ ነው፣ አዲስ አበባ ብንሆን ይሄን ያህል አላጠብቀውም ነበር።

በኤኤምዲ በኩል ደግሞ 5600ጂ አለ። ስሙ ሲታይ 5600 ላይ ግራፊክስ የተጨመረበት ይመስላል፣ ግን የተለየ ቺፕ ነው። ኤል3 ካሹ ግማሽ ነው 16 ሜጋባይት፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው መስመርም ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ነው። ካርድ ለመግዛት ብር ለሌለው ሰው ጥሩ ነው፣ ውስጡ ያለው ግራፊክስ ከኢንቴሉ በብዙ ይሻላል፣ ጂቲኤ 5ን ዝቅ ባለ ሴቲንግ ያጫውታል። ካርድ ያለው ሰው ግን 5600 ነው ተብሎ 5600ጂ ቢሰጠው ተሸውዷል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣስ?

ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ክረምቱ ደግሞ ጅማ ላይ ረጅም ነው መብረቁም አለ። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ላይ 65 ዋት ነው የሚለው፣ ኢንቴሉ ለአጭር ጊዜ እስከ 117 ዋት እንዲወጣ ተፈቅዶለታል፣ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለትንሽ ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ስትመርጡ ማሰብ ያለባችሁ ስለ ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ አርኤክስ 6600 132 ዋት ነው፣ አርቲኤክስ 3060 170 ዋት። 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈባት ትንሿ ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ የምትችለው 360 ዋት አካባቢ ነው፣ ጌም ላይ ሆናችሁ ቢጠፋ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የምትሆን ደቂቃ ነው የምትሰጣችሁ እንጂ ጨዋታ ለመጨረስ አይደለም።

የመብራት ነገር ፕሮሰሰር ምርጫ ውስጥ የሚገባው በሌላ በኩል ነው፣ በባዮስ። ባዮስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ሶፍትዌር ናት፣ ፕሮሰሰሩን የምታውቀው እሷ ናት። ኤኤም4 የሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት (ቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ከ2017 ጀምሮ ብዙ ትውልድ ራይዘን አስተናግዷል፣ ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው፣ ግን ከ5600 በፊት የተሰራ ቢ450 ቦርድ ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ብትገዙ ባዮሱ ካልታደሰ 5600ን አያውቀውም፣ አይነሳም። ማደስ ይቻላል፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ግን በነዛ ደቂቃዎች ውስጥ መብራት ከሄደ ቦርዱ ዝም ሊል ይችላል፣ በዩኤስቢ መልሶ የሚነሳበት መንገድ ያላቸው ቦርዶች አሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ስለዚህ ባዮሱን ሻጩ ራሱ አድሶ፣ ፕሮሰሰሩን ገጥሞ፣ ሲነሳ በቪዲዮ አሳይቶ ይላክላችሁ። 12400 ላይ ይሄ ስጋት የለም፣ ኤች610 እና ቢ660 ቦርዶች ከሱ ጋር አብረው የወጡ ስለሆኑ ያውቁታል።

ያገለገለ ብገዛስ?

ይቻላል፣ ፕሮሰሰር ራሱ በቀላሉ የሚሞት ዕቃ አይደለም። የሚጎዳው እግሩ ነው። 5600 ስሩ ላይ 1331 ቀጫጭን ፒኖች አሉት፣ በኪስ ወይ በፌስታል ይዞት የመጣ ሰው ካለ አንዷ ሳትጣመም አትቀርም። ቺፑን ጠርዙን ይዛችሁ ገልብጡት፣ የስልክ መብራት ከጎን በኩል አብሩበት፣ ፒኖቹን በሰያፍ እያዩ መስመራቸውን መከተል ነው፣ ደህና ከሆኑ በሁሉም አቅጣጫ ቀጥ ያለ ረድፍ ይታያችኋል፣ የተጣመመች ካለች ከረድፉ ትወጣለች። ትንሽ የጎበጠችን ፒን ጠጋኝ በምላጭ ወይም በእርሳስ ጫፍ ያቃናታል፣ የተሰበረች ከሆነች ተዉት።

ሌላው የኤኤም4 ችግር ፋኑን ስትነቅሉ ነው። በመሀላቸው የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ፕሮሰሰሩን ከፋኑ ጋር ያጣብቀዋል፣ ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ፕሮሰሰሩን ከነፒኑ ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ፒሲውን ትንሽ አሰርታችሁ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ከዛ ፋኑን ቀኝ ግራ በቀስታ እያጠማዘዛችሁ አላቁት።

12400 ስሩ ልሙጥ ነው፣ ፒኖቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ሶኬት ውስጥ ነው። ቺፑን በደህና ልትገዙ ትችላላችሁ፣ ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ ግን ሶኬቱን በመብራት ማየት ግዴታ ነው፣ የላስቲክ ክዳኑ የሌለበት ቦርድ ከሆነማ ደጋግማችሁ እዩት። እነዛ የተጣመሙ እንደሆነ ማቃናቱ ከኤኤምዲው ይብሳል።

ወደፊት ማሳደግ ብፈልግ?

ኤኤም4 ላይ 5800ኤክስ3ዲ እና 5700ኤክስ3ዲ የሚባሉ ኤል3 ካሻቸው 96 ሜጋባይት የሆኑ ፕሮሰሰሮች አሉ፣ ለጌም በጣም አሪፍ ናቸው፣ አሁን ማግኘቱ ነው የከበደው። የ12400 ሶኬት ላይ አስራ ሦስተኛና አስራ አራተኛ ትውልድ ይገባል፣ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። በ2024 ኢንቴል ራሱ እንዳመነው ከነዛ ሁለት ትውልዶች ውስጥ ከፍ ያሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየወሰዱ ይጎዱ ነበር፣ ማስተካከያውን በባዮስ በኩል ለቋል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። አንዴ የተጎዳ ቺፕ ግን በማስተካከያው አይድንም፣ ስለዚህ ያገለገለ አይ7 ወይ አይ9 ከነዛ ትውልዶች በርካሽ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትንሰፍሰፉ። 12400 የዛ ችግር ውስጥ የለበትም።

ዋጋውስ?

የብር ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ እናንተ እስክታነቡት ተቀይሮ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ሄዷል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን እየጠቀለሉት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ተሰቅሏል። አሮጌ ፒሲ ላይ ዲዲአር4 ራም ያለው ሰው እንዳይሸጠው፣ ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ይጠቀሙበታል። ግን 12400 ላይ ቦርዱ ወይ ዲዲአር4 ነው ወይ ዲዲአር5፣ አብዛኞቹ ቦርዶች ሁለቱንም አይቀበሉም፣ ቀዳዳው ራሱ አይገጥምም፣ ቦርዱን ስታዙ ይሄን በስሙ ጠይቁ።

ዋጋ ስትጠይቁ ፕሮሰሰሩን ለብቻው አትጠይቁ። ፕሮሰሰር፣ ቦርድና ራም ሦስቱን አንድ ላይ ስንት ነው በሉ፣ ፋን አለው ወይ በሉ፣ ምክንያቱም ትሬይ የሚሉት ያለ ካርቶን የሚመጣው ፋን የለውም፣ ካርቶን ያለው ግን በሁለቱም በኩል ፋን ይዞ ነው የሚመጣው። የሦስቱ ድምር ተቀራራቢ ከሆነ ጅማ ላይ ሆኜ እኔ የማስገባው ኤፍ የሌለበትን 12400 ነው። ኤኤም4 ቦርድ ቤቱ ያለው ሰው፣ ወይም 5600ው ከነቦርዱ በደንብ ረክሶ ያገኘና ግራፊክስ ካርዱ አስተማማኝ የሆነ ሰው 5600ን ይውሰድ፣ ምንም አይቆጭም። ብር ስትልኩ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ሙሉ ስሙ ከነፊደሉ ይጻፍ፣ ኤፍ ካለው ኤፍ፣ ጂ ካለው ጂ፣ ዕቃው መናኸሪያ ሲደርስም ቺፑ አናት ላይ የተጻፈውን ከደረሰኙ ጋር አስተያዩት፣ አንዴ ፔስት ተቀብቶ ፋን ከታሰረበት በኋላ ሳይፈታ አይነበብም።